በወሎ ለማህበራዊ ክብካቤ ሰጪዎች የሚሰጥ የዲጂታል ክህሎትና የሳይበር ደህንነት ስልጠና

ወሎ ውስጥ ሰው የሚንከባከብ ሰው ስሙ ብዙ ነው። የቀበሌ ማህበራዊ ሰራተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ የሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ የአረጋውያን መጦሪያ አስተዳዳሪ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው የየመንደሩ ቅሬ ጸሐፊ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። በ1997 የገጠሩ ሴፍቲኔት፣ በ2009 ደግሞ ደሴን ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ አድርጎ የከተማው ሴፍቲኔት ከተጀመረ ወዲህ የተረጂው መዝገብ ከወረቀት ወደ ኤክሴል፣ ከኤክሴልም ወደ ታብሌት እየተሻገረ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ያለው ቀላል አይደለም፦ የትኛው ቤተሰብ ከኤችአይቪ ጋር እንደሚኖር፣ የትኛዋ ሴት ጥቃት ደርሶባት መጠለያ እንደገባች፣ ብቻቸውን የሚኖሩት አዛውንት ክፍያ በየትኛው ሂሳብ እንደሚገባ።

ስልጠናው መሣሪያውን በትክክል መጠቀምንና መረጃውን መጠበቅን አንድ ላይ ያስተምራል። ሁለቱን ለያይቶ ማስተማር አያዋጣም፤ ብዙ ጊዜ የተረጂን መረጃ የሚያበላሸው ኮፒ ቤት የተረሳ ፍላሽ፣ ለልጅ መጫወቻ የተሰጠ ስልክና እንደየሰዉ ፊደል የሚለዋወጥ ስም ነውና።

ከስልክ መጀመር

አብዛኛው ሰራተኛ ቢሮ ኮምፒውተር ቢኖርም ስራውን የሚያስኬደው በግል ስልኩ ስለሆነ ትምህርቱም ከዚያ ይነሳል። መጀመሪያ የስክሪን መቆለፊያ ይደረጋል፤ ቀጥሎ ስልኩ ተቆልፎ ሳለ የመልዕክት ይዘት እንዳይታይ ማሳወቂያው ይደበቃል። ይህ ሁለተኛው በተደጋጋሚ ይዘነጋል። ስልኩ ተቆልፎ ጠረጴዛ ላይ እያለ የማረጋገጫ ኮዱ ፊቱ ላይ ብቅ ካለ መቆለፉ ምን ይረባል? የሲም ፒን የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ ሲሙ ከመጣበት ካርድ ላይ ፒዩኬውን፣ ማለትም የተቆለፈ ሲም የሚከፍተውን ኮድ፣ መያዝ አለበት። ፒኑን 3 ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ይቆለፋል፤ ፒዩኬውን 10 ጊዜ ከተሳሳቱ እስከመጨረሻው ይበላሻል።

ቴሌግራም ላይ ሰፊ ጊዜ ይወሰዳል፣ የወረዳውም የቀበሌውም ሪፖርት የሚሄደው በዚያ ስለሆነ። የተለመደው ማጥመጃ ከምታውቂው ሰው አካውንት የሚመጣ መልዕክት ነው፦ «ለልጄ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል ሊንክ፣ ወይም «በስህተት አንቺ ጋ የመጣውን ኮድ ላኪልኝ»። ኮዱ የተላከ ዕለት አካውንቱ የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ውስጡ ያለው የተረጂ ዝርዝርና ፎቶም አብሮ ይሄዳል። መከላከያው በግላዊነትና ደህንነት ክፍል ውስጥ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማስገባት ነው፤ ያኔ ኮዱ ቢወጣ እንኳ ብቻውን በር አይከፍትም። እግረ መንገዱንም የተከፈቱ መሣሪያዎችን ዝርዝር ማየትና የማያውቁትን መዝጋት ያስፈልጋል። ሰልጣኞች ይህን ገጽ ሲከፍቱ ድሮ የለቀቁት ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራማቸው እንደተከፈተ ማግኘት የተለመደ ነው።

የስም ዝርዝርን በግሩፕ መለጠፍ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነጥብ አለ። ሴፍቲኔት የተመረጡትን ዝርዝር ለሕዝብ ማሳየትን ይጠይቃል፤ ቅሬታ ያለው አይቶ እንዲያቀርብ ነው። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ቀበሌ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ስም ብቻ ሲሆን፣ ፎቶ ተነስቶ ግሩፕ ላይ የሚጫነው ከሂሳብ ቁጥር፣ ከስልክና ከበሽታው ጋር ያለው ዋናው ሉህ ነው። ለሪፖርት ብዛቱ ይበቃል፤ ስም የግድ ካስፈለገ በጉዳዩ ቁጥር መጥራት ይቻላል። በደሴና በሐይቅ ዙሪያ ባሉ የተፈናቃይ መጠለያዎች የሚነሳ የሕፃን ፎቶም በዚሁ ሚዛን ይታያል።

ፍላሽና ኮፒ ቤት

ፕሪንተር ወይም ቀለም በሌለበት ቢሮ ሪፖርቱ በፍላሽ ወደ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ይሄዳል። እዚያ ሁለት ነገር ይደርሳል። አንደኛው ቫይረስ ነው። ፎልደሮቹ ተደብቀው በቦታቸው ሾርትከት ይቀመጣል። ሾርትከቱን ስትነኩት ቫይረሱን ያስነሳና ወዲያው ትክክለኛውን ፎልደር ይከፍታል፣ ስለዚህ ምንም የሆነ አይመስልም። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፤ አንቲቫይረስ ካስኬዱ በኋላ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግና ወደ ሌላ ንጹህ ቦታ ገልብጦ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ነው። ተደናግጦ ቀድሞ ፎርማት የሚያደርግ ሰው ያልጠፋ ፋይሉን ራሱ ያጠፋዋል። ሁለተኛው ደግሞ ባለሱቁ ለማተም ሲል ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ ማስቀመጡ ነው፤ የሚታተመውን አንድ ፋይል ብቻ በፒዲኤፍ ይዞ መሄድ፣ ሲወጡም ከዴስክቶፑና ከሪሳይክል ቢን መጥፋቱን ቆሞ ማየት ያሻል። ቅር የሚለው ባለሱቅ ጥቂት ነው።

ኤክሴል፣ ስምና ቀን

ስልጠናዎች አብዝተው የሚዘሉት ይሄን ነው፤ የብዙ አቤቱታ ምንጭ ግን እዚህ ነው። ወሎ ውስጥ መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሙሃመድ የአንድ ሰው ስም ሊሆን ይችላል፤ ሰይድና ሠይድም እንደዚሁ። ለኤክሴል አራቱ አራት ሰው ናቸው። አንዱ ተረጂ ሁለቴ ይመዘገባል፣ ሌላው ሲፈለግ ይጠፋል። መፍትሔው የመታወቂያውን አጻጻፍ ሳይነኩ ከጎኑ አንድ የመፈለጊያ ዓምድ መጨመርና እዚያ ተመሳሳይ ድምፅ ካላቸው ፊደላት ሁሌ ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ ብቻ እንዲጻፍ መስማማት ነው። በአሮጌ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ዝርዝርም ዩኒኮድ (ስልክም ኮምፒውተርም የሚያነበው የጋራ የፊደል ሥርዓት) ወደሚጠቀም ስልክ ሲሄድ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ አዲስ መዝገብ በዩኒኮድ ብቻ መጻፍ አለበት።

የብሔራዊ መታወቂያው የፋይዳ ልዩ ቁጥር 12፣ የካርዱ ቁጥር 16 አሃዝ ነው። ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ አይዝም፤ 16ኛውን ወደ ዜሮ ይቀይረዋል፣ በኋላ ፎርማቱን ቢያስተካክሉም አይመለስም። የስልክ ቁጥር መነሻ ዜሮም እንዲሁ ይጠፋል። ዓምዱን ከመጻፍ በፊት «ቴክስት» ማድረግ ሁለቱንም ያድናል።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በ1965 የተወለደ ሰው በ2018 ዕድሜው 53 ነው። ኮምፒውተሩ ግን ያንኑ ዓመት በፈረንጆቹ 2025 ብሎ ስለሚያስብ 60 ያደርገውና አረጋዊ ብሎ ያልፈዋል። ጳጉሜንም እንደ ወር አይቀበልም። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ተጽፈው ዓመተ ምሕረቱ በርዕሱ ላይ ቢገለጽ ችግሩ ይቀላል።

ፋይሉን መቆለፍ ሲባል ሉሁን እንዳይነካ ማድረግና ሲከፈት የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ማድረግ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ማንበብን አይከለክልም። ሁለተኛው ይከለክላል፤ ቃሉ ከተረሳ ግን ፋይሉም ሄደ። ቃሉ ረጅም፣ የማይገናኙ አራት ቃላት ቢሆን ይመረጣል። ለሌላ ሰው ሲሰጥም ፋይሉ በተላከበት መንገድ ሳይሆን ደውሎ በቃል ይነገር።

የተረጂው ገንዘብ

ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ ስራ ላይ ነው፤ ክፍያ በስልክና በባንክ ሲመጣ አረጋውያን ፒናቸውን ለተንከባካቢያቸው መስጠት ለመዱ። በቅን ልብ ቢሆንም ገንዘብ የጎደለ ቀን ሰራተኛዋ የምትከላከልበት ነገር የላትም። ሥርዓቱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ አዛውንቱ ራሳቸው ይጫኑ፤ እጃቸው ካልቻለ የመረጡት ዘመድ ባለበት ይሁን፤ ቀኑና መጠኑ በደብተር ተጽፎ ይፈረም። «ብር በስህተት ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» ለሚል ደዋይ መልሱ አጭር ነው፤ የመጣው አጭር መልዕክት ሊቀነባበር ስለሚችል የሚታመነው ራስ የከፈቱት ቀሪ ሂሳብ ብቻ ነው።

መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ

በ2014 በነበረው ጦርነት በሰሜንና በደቡብ ወሎ በርካታ ጤና ተቋማት ከነኮምፒውተራቸው ተዘርፈዋል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ የሚለው የመጠባበቂያ ደንብ እዚህ የተፈተነ ነው። ደመና (የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ብቻ ያስቀመጠ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ቢሮ ብቻ ያስቀመጠ ቢሮው ሲዘረፍ። የጤና ኤክስቴንሽን ታብሌት ያለ ኔትወርክ ይመዘግብና በኋላ ይልካል፤ ያልተላከ መረጃ እያለ መተግበሪያውን ማጥፋት ወይም ዳታውን ማጽዳት የሳምንታት የቤት ለቤት ስራን ይዞ ይሄዳል። «ታብሌቱ ከበደ» ብሎ ያጸዳው ሰው ይህን አያውቅም ነበር።

ስልጠናው እንዴት ይሰጥ

ለአንድ አሰልጣኝ ከ15 ሰው በላይ ከሆነ የእያንዳንዱን ስልክ ማየት አይቻልም። ባቲ ላይ ሰኞ መጥራት ለባዶ አዳራሽ ማስተማር ነው፣ ገበያው ሰኞ ነውና፤ ዓርብም የስግደቱ ሰዓት ይታሰብ። ከሚሴ በኦሮምኛ፣ ሰቆጣ በኽምጣኛ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። አበል ስላለው ኃላፊው ይመጣና ታብሌት የምትይዘዋ ልጅ ቀበሌ ትቀራለች፤ ጥሪው በስራ መደብ ካልተጻፈ ይህ አይቀርም። ሁለት ቀን ተሰጥቶ ከስድስት ሳምንት በኋላ ግማሽ ቀን ቢደገም ከአምስት ተከታታይ ቀን ይበልጣል።

የመጨረሻው ልምምድ ነገር ከተበላሸ በኋላ ስላለው የመጀመሪያ ሰዓት ነው። ዳታ ይዘጋል፣ የይለፍ ቃል ከሌላ ስልክ ይቀየራል፣ የጠፋ ሲም በ994 ይታገዳል፣ ቴሌብር በ127 ይነገራል፣ ጥቃቱ በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር 933 ላይ ይመዘገባል። መሣሪያው ማስረጃ ስለሆነ ፎርማት አይደረግም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የመረጃ መውጣትን በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅን ስለሚጠይቅ፣ መረጃው የወጣበት ሰዓት ሳይሆን ሰራተኛዋ ያወቀችበት ሰዓት በደብተር ይጻፋል፤ ከሱ ሥር የማን የማን መረጃ እንደነበረበት ይዘረዘራል።