የልጆች ኤቲቪ ቫሪዬተር ምንድን ነው? ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚስተካከለውስ እንዴት ነው?

ባለ 50 ሲሲ የልጆች ኤቲቪ (ባለ አራት ጎማ ሞተር) አብዛኛውን ጊዜ በእጅም በእግርም የሚቀየር ማርሽ የለውም። ያንን ሥራ የሚሠራው ቫሪዬተር የሚባለው የፊት ፑሌጃ ነው። ፑሌጃው ለሁለት የተከፈለ ሲሆን ከተንቀሳቃሹ ግማሽ ጀርባ ስድስት ሮለሮች፣ ማለትም ትናንሽ ድቡልቡል ክብደቶች፣ ይቀመጣሉ። የሞተሩ ዙር ሲጨምር ሮለሮቹ ወደ ዳር ይሸሹና ግማሹን ፑሌጃ ወደ ሌላኛው ይገፉታል። መካከሉ ሲጠብ ሁለቱን ፑሌጃዎች የሚያገናኘው ቺንጋ ወደ ጠርዙ ይወጣል፣ የኋላው ፑሌጃም ትልቁን ሞላ እየተጫነ በዚያው ልክ ይከፈታል። ፍሪሲዮኑ ያለውም እዚያው ከኋላ ነው፤ ዙር ሲያገኝ ሸራዎቹ ተዘርግተው ታምቡሩን ይይዛሉ።

መጀመሪያ ኤቲቪያችሁ ቫሪዬተር እንዳለው አረጋግጡ። ብዙዎቹ ባለ 110 ሲሲ የቻይና ኤቲቪዎች ሞተራቸው የተጋደመ ነው፤ በውስጣቸው ማርሽ እንጂ ቺንጋ የለም። እዚህ የምንናገረው ከስኩተር ስለመጣው 139 ኪውኤምቢ ዓይነት ባለ አራት ምት ሞተር ነው። የዚህ ሞተር ሮለር ዲያሜትሩ 16፣ ወርዱ 13 ሚሊሜትር ነው።

የማስተካከሉ ዓላማ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ጉልበቱን በሚያወጣበት ዙር ላይ እንዲቆይ ነው። በዚህ ሞተር ያ ዙር በደቂቃ 7,500 አካባቢ ነው። ሮለሩ ከከበደ ቺንጋው ያለጊዜው ይወጣል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ዳገት ላይ ይለግማል። ከቀለለ ደግሞ ጩኸቱ ይበዛል እንጂ ኤቲቪው አይሄድም።

አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት ያለውን ማየት ይቀድማል። ከሚመጡት ቅሬታዎች ብዙዎቹ የማስተካከል ሳይሆኑ የማለቅ ናቸው፦ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ሮለር፣ ጎኑ ተበልቶ የጠበበ ቺንጋ፣ ሸራው አብረቅርቆ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን። የቺንጋውን ወርድ በካሊፐር ለኩና ከአዲሱ ጋር አወዳድሩ። አቧራውን በአየር አትንፉት፣ ሳንባ ይጎዳል። ጭንብል አድርጋችሁ በፍሬን ማጽጃ እጠቡት። ቺንጋው የሚነካው የፑሌጃ ፊት ላይ ግራሶ ጠብታ እንኳ መድረስ የለበትም።

ከዚያ በካንዴላ ሽቦ ላይ የሚጠመጠም የዙር መቁጠሪያ ግጠሙ። ሞተሩ ይሙቅ፤ ሜዳ ላይ፣ የልጁን ክብደት የሚያህል ጭነት ይዞ፣ ሙሉ ነዳጅ ስጡ። መታየት ያለበት ፍሪሲዮኑ ከያዘ በኋላ ፍጥነቱ እየጨመረ ሳለ ዙሩ የሚረጋበት ቦታ ነው። ከ7,500 በታች ከረጋ ሮለሩን በግማሽ ግራም ቀንሱ፣ ካለፈ ጨምሩ። የድሮውን ሮለር አንድ በአንድ በወርቅ ሚዛን መዝኑ፣ በላዩ በተጻፈው ክብደት ብቻ አትተማመኑ። ሦስት ባለ 6 እና ሦስት ባለ 7 ግራም እያፈራረቃችሁ ብትገጥሙ አማካዩ 6.5 ይሆናል። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከቀየራችሁ ግን ለውጡን የትኛው እንዳመጣው አታውቁም።

ቺንጋው እስከ የት እንደሚወጣ ለማወቅ በፑሌጃው ፊት ላይ ከመሃል እስከ ጠርዝ በማርከር መስመር አስምሩና ንዱት። መስመሩ የጠፋበት ድረስ ቺንጋው ደርሷል ማለት ነው። ከጠርዙ በጣም ርቆ ከቆመ በቫሪዬተሩ ቡሽ ላይ የፍጥነት መገደቢያ ቀለበት ሊኖር ይችላል። ያንን አታውጡት። በአሜሪካ ደንብ ከ6 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የተሠራ ኤቲቪ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 24 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ፍሬኑም ጎማውም የተሠሩት ለዚያ ነው። ልጁን የሚጠቅመው አነሳሱና ዳገት መውጣቱ ነው።

የኋላውን ትልቅ ሞላ በጠንካራ መተካት ዙሩን ከፍ ያደርጋል፣ ዳገት ሲመጣም ቺንጋውን ቶሎ ይመልሰዋል። ዋጋው ሙቀትና የቺንጋ ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ ሮለሩ ሳይስተካከል እዚህ አትምጡ። የፍሪሲዮኑን ትልቅ ዳዶ ስትፈቱ ሞላው ታምቆ ስለተቀመጠ ተወንጭፎ ይመታል፤ በማሰሪያ ተጫኑት። የሸራዎቹ ትናንሽ ሞላዎች ሲጠነክሩ ፍሪሲዮኑ ዘግይቶ ይይዛል፣ ኤቲቪው በድንገት ይፈናጠራል። ለጀማሪ ልጅ የፋብሪካው ይበቃል። ነዳጅ ሳይሰጥ ወደፊት የሚሳብ ከሆነ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዙር) ዝቅ አድርጉ፤ ካልተወው ከትናንሾቹ ሞላዎች አንዱ ተሰብሯል ወይም ላልቷል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ሲገጠም ነው። ሮለሮቹን የሚሸፍነው ሳህን ትንሽ ከተነሣ አንዱ ሮለር ከቦታው ይወጣል፤ ሳህኑን በጣት ይዛችሁ አስገቡ። ቺንጋው በፊት ፑሌጃው መካከል ተቆንጥጦ ሳለ ዳዶው ከጠበቀ ደግሞ የውጪው ግማሽ በክራንክሻፍቱ (ፑሌጃው በተገጠመበት የሞተር ዘንግ) ጥርስ ላይ በደንብ አይቀመጥም። ከጥቂት ጉዞ በኋላ ዳዶው ይላላና ጥርሱን ይልጠዋል፤ ከዚያ ክራንክሻፍት መቀየር ሊመጣ ነው። መፍትሔው የኋላውን ፑሌጃ በእጅ ከፍቶ ቺንጋውን ወደ ውስጥ ማስመጥ፣ ፊት ለፊት ላላ ሲል ዳዶውን በመመሪያው ልክ ማጥበቅ፣ ከመጀመሪያው አጭር ጉዞ በኋላም ከፍቶ እንደገና መፈተሽ ነው።