ጁፒተር በገመድ፣ ዩራነስ በድንች

ደብረ ማርቆስ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲደበድበው የሰማ ያውቀዋል፤ መምህር ጉሮሮው እስኪነቃ ቢጮህ የኋላው ወንበር አይሰማም፣ መብራትም የለም። ከፀሐይ የራቁትን አራቱን ፕላኔቶች (ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስና ኔፕቲዩን) ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ያስተማርኩት እንዲህ እያለ ነው። ልጆቹ (እውነቱን ለመናገር እኔም ድሮ) ይዘናቸው የቆየናቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

«ፕላኔቶቹ እኩል እኩል ተራርቀዋል»

ጥፋቱ የመጽሐፉ ሥዕል ነው፤ ገጹ ስለማይበቃ አጠጋግቶ ይስላቸዋል። 6 ሜትር ገመድ ክፍሉ ውስጥ ዘርጉ። አንደኛው ጫፍ ፀሐይ ነው። መጀመሪያ ልጆቹ በግምት ይቁሙ፣ ከዚያ ለኩ፦ መሬት 20 ሳንቲ ላይ፣ ጁፒተር 1 ሜትር ከ4 ሳንቲ፣ ሳተርን 1 ሜትር ከ90 አካባቢ፣ ዩራነስ 3 ሜትር ከ84፣ ኔፕቲዩን መጨረሻው ላይ። እስከ ሳተርን ያሉት ስድስቱም ፕላኔቶች ከገመዱ ሲሶ አያልፉም! ይሄን ለማሳየት መናገርም አያስፈልግ፣ ዝናቡ እንደፈለገ ይዝነብ።

«መጠኑንም ርቀቱንም አንድ ላይ ማሳየት ይቻላል»

ክፍል ውስጥ አይቻልም። በዚህ ገመድ ልክ ፀሐይ ራሷ ሁለት የጤፍ ቅንጣት ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ነው የምታክለው፤ ጁፒተር ብናኝ ነው። መሬትን ሽንብራ እናድርጋት ካላችሁ ደግሞ ጁፒተር ብርቱካን ያህላል፣ ኔፕቲዩን ግን ሎሚ ነው፤ እሱን በኪሳችሁ ይዛችሁ ከፀሐይ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አለባችሁ።

«የሳተርን ቀለበት ድፍን ነው»

የበረዶና የድንጋይ ስብርባሪ ነው። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ብዙ ነጠብጣብ በክብ አጠጋግታችሁ አድርጉና ከኋላ ሆነው ይዩት፣ አንድ መስመር ይመስላቸዋል። ሌሎቹ ሦስቱም ቀለበት አላቸው፤ ደብዛዛ ስለሆነ ነው የማይወራለት።

«በጣም የራቀው በጣም ይቀዘቅዛል»

ከኔፕቲዩን ይልቅ ለፀሐይ የሚቀርበው ዩራነስ ከዜሮ በታች 224 ዲግሪ ተለክቶበታል፤ ኔፕቲዩን ላይ እንኳ ይህን ያህል ቅዝቃዜ አልተለካም። ኔፕቲዩን ከውስጡ ሙቀት ያወጣል፣ ዩራነስ ግን ከውስጡ የሚወጣው ሙቀት ኢምንት ነው።

«ሁሉም ቀጥ ብሎ ይሾራል»

ዩራነስ ተጋድሞ ነው የሚሾረው። ድንች ላይ እርሳስ ሰክታችሁ አጋድሙት፣ መሀል ላይ ሻማ አብሩ፣ ልጅቷ ድንቹን ይዛ ሻማውን ትዙረው። የእርሳሱ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ በሩ ይጠቁም። እዚህ ላይ ሁሉም ይሳሳታሉ፣ አብረው እርሳሱንም ያዞሩታል፤ ደጋግሙት። ሲገባቸው ግን አንዱ ጫፍ ለ42 ዓመት ብርሃን፣ ለ42 ዓመት ጨለማ እንደሚሆንበት ራሳቸው ያዩታል።

«ቲቸር፣ እዚያ ብወለድ ሳይነጋልኝ እዳራለሁ» አለች አንዷ።