ከስኪማ የመነጩ የጃቫ ክላሶች እና የኤለመንት ስም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደንበኛ ለባንኩ የሚልከውን የአይኤስኦ 20022 (የፋይናንስ መልእክቶች ዓለም አቀፍ ደረጃ) የክፍያ ትእዛዝ ስኪማ (የኤክስኤምኤል ሰነዱን ቅርጽ የሚደነግግ መግለጫ) ወስዶ በኤክስጄሲ (ከስኪማ ክላስ በሚያመነጭ መሣሪያ) የጃቫ ክላሶችን ያመነጨ ባለሙያ፣ ኦብጀክቱን ሞልቶ ወደ ኤክስኤምኤል ሊጽፈው ሲሞክር ጃክስቢ (የጃቫ ኦብጀክትን ወደ ኤክስኤምኤል የሚቀይረው ላይብረሪ) «የሩት ኤለመንት አኖቴሽን የለውም» ብሎ ይመልሰዋል፤ በክላሱ ላይ የሰነዱን ሥር ስም የሚናገር ምልክት የለም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሞከሩት መፍትሔዎች አብዛኞቹ ከተሳሳተ ግንዛቤ የሚነሱ ናቸው።

«የክላሱ ስም የኤለመንቱ ስም ነው»

አይደለም። ስኪማ ዓይነትን እና ኤለመንትን ለየብቻ ይሰይማል፤ ክላስ የሚሆነው ዓይነቱ ነው። በዚሁ የክፍያ ትእዛዝ ሦስተኛ እትም ከፋዩ፣ ተከፋዩ እና ትእዛዙን ያስጀመረው ወገን ሦስቱም ፓርቲአይደንቲፊኬሽን32 የሚባል አንድ ዓይነት ይጋራሉ። አንዱ ክላስ በሦስት የተለያዩ ስሞች ይጻፋል ማለት ነው። ስሙን የሚሰጠው በያዘው ክላስ ውስጥ፣ በመስኩ ላይ ያለው አኖቴሽን ነው። የሰነዱን ሥር ግን የሚይዝ ሌላ ክላስ ስለሌለ፣ ስሙ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

«ኤክስጄሲ አኖቴሽኑን ዘንግቶታል፤ በእጅ እንጨምርለት»

ብዙ ሰዓት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ኤክስጄሲ አልዘነጋም። አኖቴሽኑን የሚያስቀምጠው የኤለመንቱ ዓይነት ያለ ስም እዚያው ኤለመንቱ ውስጥ ሲገለጽ ነው። በአይኤስኦ 20022 ስኪማዎች ግን ዶክዩመንት የሚባል ኤለመንት እና ዶክዩመንት የሚባል ዓይነት ጎን ለጎን ተገልጸዋል። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ዓይነቱን ነገ ሌላ ኤለመንት ሊጠቀምበት ስለሚችል ኤክስጄሲ በራሱ አይወስንም።

መልሱ አብሮ በመነጨውና ብዙዎች ከፍተው በማያዩት ኦብጀክትፋክተሪ ክላስ ውስጥ ተቀምጧል። ክሪኤትዶክዩመንት የሚለው ሜተድ ኦብጀክቱን ተቀብሎ ትክክለኛውን ስም እና ኔምስፔስ (ስሙ የየትኛው ስኪማ እንደሆነ የሚለይ አድራሻ) በያዘ ጃክስቢኤለመንት ጠቅልሎ ይመልሳል። ለማርሻለሩ (ኤክስኤምኤሉን ለሚጽፈው የጃክስቢ ክፍል) መስጠት ያለብን ይህንን ነው። በእጅ የተጨመረ አኖቴሽን ክላሶቹ እንደገና ሲመነጩ ይጠፋል። አኖቴሽኑ የግድ ካስፈለገ በባይንዲንግ ፋይል (ኤክስጄሲ ክላሶቹን እንዴት እንደሚያመነጭ በምናዝበት ፋይል) የኤክስጄሲን ሲምፕል ስልት ማብራት ይሻላል።

«በስሙ ፊት የመጣው ኤንኤስ2 ስህተት ነው»

ኤንኤስ2 ኔምስፔሱን የሚወክል ቅድመ ቅጥያ፣ ጊዜያዊ ምልክት ነው፤ የኤለመንቱን ማንነት የሚወስነው የኔምስፔሱ ሙሉ አድራሻ ነው። ደረጃውን የጠበቀ ማንኛውም አንባቢ ቅድመ ቅጥያ ያለውንና የሌለውን አጻጻፍ አንድ አድርጎ ይረዳል። የወጣውን ጽሑፍ በፈልግ-ተካ ማጽዳት ግን አደገኛ ልማድ ነው፤ የደንበኛ ስም ወይም የክፍያ ምክንያት ውስጥ ያለ ተመሳሳይ ፊደልም አብሮ ይቀየራል። ተቀባዩ ወገን በቅድመ ቅጥያው ላይ ከጸና፣ ከክላሶቹ ጋር በመነጨው ፓኬጅ-ኢንፎ በሚባል ፋይል ውስጥ የምንፈልገውን ማሳወቅ እንችላለን። ይህን ፋይል ትርፍ መስሏቸው የሚሰርዙ አሉ። የውስጥ ኤለመንቶች ኔምስፔስ የተጻፈው እዚያ ስለሆነ፣ ሲሰረዝ ሰነዱ ከስኪማው ጋር መስማማቱን ያቆማል።

«አኖቴሽኑ ካለ ጃክስቢ ያየዋል»

የሚያየው የራሱን ፓኬጅ አኖቴሽኖች ብቻ ነው። ጃክስቢ በ2018 ከወጣው ጃቫ 11 ጀምሮ ከጃቫ ጋር አብሮ አይመጣም። ከጃክስቢ ሦስተኛ እትም ጀምሮ ደግሞ የፓኬጁ ስም ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ ተለውጧል። በአሮጌው ኤክስጄሲ የመነጩ ክላሶች በአዲሱ ላይብረሪ ሲሠሩ አኖቴሽኖቹ እንደሌሉ ይቆጠራሉ። ኦብጀክቱን ጠቅልለን ከላክነው ያለ ምንም የስህተት መልእክት ሊጻፍ ይችላል፤ ነገር ግን በትልቅ ፊደል መጀመር የነበረባቸው ስሞች በትንሽ ፊደል ይጀምራሉ፣ ኔምስፔሳቸውም ይጠፋል። ኤክስኤምኤል ትልቅና ትንሽ ፊደልን ስለሚለይ ተቀባዩ አይቀበለውም። ጀነሬተሩን (ኤክስጄሲን) እና ላይብረሪውን ሁልጊዜ ከአንድ ትውልድ እንውሰድ።

«ከስኪማው ስለመነጨ ውጤቱ ከስኪማው ጋር ይስማማል»

ማርሻለሩ ካልተጠየቀ አያጣራም። ግዴታ የሆነ መስክ ባዶ ቢቀር ዝም ብሎ አልፎት ይጽፋል። ሴትስኪማ በሚለው ሜተድ ስኪማውን ከሰጠነው ግን ጉድለቱን መልእክቱ ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት ይነግረናል።