«ጉድጓድ ካየህ፣ ከሥሩ የኮርንዎል ሰው አታጣም»

ኮርንዎል የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው። አባባሉ የተባለው ስለዚያ አገር ማዕድን ቆፋሪዎች ነው። በዓለም ላይ የትም ሂድ፣ የማዕድን ጉድጓድ ካለ ታች ወርዶ የሚቆፍረው የእነሱ ሰው ነው ለማለት። እኛ ጋ «ጉድጓድ ማሰልኝ» ከተባለ ጠላት ተገኝቷል። እዚያ ግን ጉድጓድ እንጀራ ነው፤ አባባሉም ሙገሳ ነው።

የሚያወጡት መዳብና ቆርቆሮ ነበር። ቆርቆሮ ስል የቤት ክዳኑን እንዳታስቡ፤ እሱ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ይሄኛው ከመዳብ ጋር ቀልጦ ነሐስ የሚሆነው ነው።

ታዲያ መቆፈርማ ማንም ይቆፍራል። ጣጣው ውሃው ነው። ትንሽ ጠለቅ ሲባል ከየስንጥቁ ይንፎለፎላል። የጥንቱ መላ ደስ ይላል፦ ከሸለቆው ግርጌ ተነስቶ ወደ ኮረብታው ሆድ፣ ዘቅዘቅ ያለ ዋሻ መፈልፈል። ውሃው በራሱ ጊዜ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1748 የተጀመረ አንድ እንዲህ ያለ ዋሻ ቅርንጫፍ እያወጣ፣ እየተቀጣጠለ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ።

ከዋሻው በታች ያለው ውሃ ግን ተስቦ መውጣት አለበት። ለዚህ የእንፋሎት ፓምፕ መጣ። ችግሩ ኮርንዎል ከሰል የላትም፤ በመርከብ ነው የሚመጣላት። የጄምስ ዋት ሞተር ተወዳጅ የሆነውም ከሰል ስለሚቆጥብ ነው። ክፍያው ደግሞ ከተቆጠበው ከሰል ዋጋ ሲሶው! ጉድጓድ ባለቤቶቹ ሲነጫነጩ ኖሩ፤ የፈጠራ መብቱ በ1800 ሲያበቃ እፎይ አሉ።

እንግዲህ ውሃ ማሸነፍ የለመደ ሰው የትም ይፈለጋል። በ1820ዎቹ ፓምፓቸውን ይዘው ሜክሲኮ ገቡ። በ1860ዎቹ የመዳብ ዋጋ ሲወድቅማ ብዙዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አውስትራሊያ፣ አሜሪካና ደቡብ አፍሪካ ተበተኑ። አባባሉን የወለደው ይሄ ስደት ነው። ሪያል ዴል ሞንቴ በምትባለው የሜክሲኮ ከተማ ምግባቸው ዛሬም ይሸጣል፦ ሥጋና ድንች በሊጥ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ ተቆንጥጦ የተጋገረ። ትልቅ ሳምቡሳ በሉት፤ ግን አይጠበስም።

አገራቸው ውስጥ ግን አባባሉ ተገልብጦ ነበር። የመጨረሻው የቆርቆሮ ማውጫ፣ ሳውዝ ክሮፍቲ፣ በ1998 ተዘጋ። ፓምፑ ቆመ፤ ከሥሩ የቀረው ውሃ ብቻ ሆነ። በ2023 መገባደጃ ላይ ያንን ውሃ እንደገና መሳብ ጀምረዋል።