የኮፕቲክ ብራና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሙዚየም ገባችሁ እንበል። መስታወት ውስጥ አንዲት ያረጀች የመጽሐፍ ቅጠል አለች። ከሥሯ «ኮፕቲክ፣ ላይኛው ግብፅ፣ 10ኛው ክፍለ ዘመን» ይላል። ኮፕቲክ የግብፅ ክርስቲያኖች ቋንቋና ጽሕፈት ነው፤ ላይኛው ግብፅ ደግሞ የአገሩ ደቡብ። ጎብኚው ቆም ብሎ ግምቱን ይጀምራል።

«ግብፅ ከሆነ ፓፒረስ ነው።»
ፓፒረስ ከደንገል የሚሠራ መጻፊያ ነው፤ በጥንቶቹ መጻሕፍት ቢሆን ያስኬዳል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ግን ገዳማቱ በብዛት የሚጽፉት በብራና ነበር። ጠጋ ብላችሁ እዩት። አንዱ ገጽ ቢጫ ይላል፤ ጠጉሩ የበቀለበት ነጠብጣብም ይታይበታል። በሥጋው በኩል ያለው ደግሞ ነጣ ያለ ነው። የእኛን የብራና ዳዊት ያገላበጠ ሰው ይሄ አይጠፋውም።

«ጽሑፉ ግሪክኛ ነው።»
በዚህ መሳሳት አያስወቅስም፤ 24ቱ ፊደላት የግሪክ ናቸው። የላይኛው ግብፅ ኮፕቲክ ግን እንደ «ሽ» ላሉ ድምፆች 6 ፊደላት ጨምሯል። እነሱ የመጡት ዲሞቲክ ከሚባለው ከጥንቱ የግብፅ ጽሕፈት ነው። ቋንቋውም ራሱ ግብፅኛ ነው፤ ፈርዖኖቹ ይናገሩት የነበረው፣ ዘመን የለወጠው።

«የሞተ ቋንቋ ነው።»
ገበያ ላይ፣ አዎ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ዛሬም ይቀደስበታል።

«የግዕዝ ፊደል ከዚህ ወጣ።»
አልወጣም። የፊደላችን ዘር ከደቡብ ዓረቢያ ጽሕፈት ነው። ጳጳሶቻችን ለዘመናት ከግብፅ ስለመጡ ሁሉንም ነገር ከዚያው የማምጣት ልማድ አለብን። በመካከለኛው ዘመን ከግብፅ ያገኘናቸው መጻሕፍት እንኳ በአብዛኛው የተተረጎሙት ከዓረብኛ ነው። ዝምድናው ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ፩፣ ፪፣ ፫ ከግሪክ ፊደላት የተወሰዱ ናቸው፤ የኮፕቲክ ጸሐፊዎችም የሚቆጥሩት በእነዚያው ፊደላት ነበር።

«የቀረው መጽሐፍ ጠፍቷል።»
ብዙ ጊዜ ተበትኖ እንጂ አልጠፋም። በላይኛው ግብፅ፣ ሶሃግ ከተማ አጠገብ ያለውን ነጭ ገዳም ውሰዱ፤ እኛ አባ ሲኖዳ የምንላቸው አባት ገዳም ነው። የመጻሕፍት ቤቱ ቅጠል በቅጠል ተሸጠ። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ብቻውን በሺዎች የሚቆጠሩ ቅጠሎች ወሰደ። ሌላው ኔፕልስ፣ ቪየና፣ ለንደን ገባ። የአንድ መጽሐፍ ገጾች በሦስት አገር ማለት ነው። ስለዚህ መስታወቱ ፊት ስትቆሙ ከጽሑፉ በላይ፣ ጥግ ላይ፣ ትንንሽ ፊደላት ፈልጉ። የገጽ ቁጥር ናቸው። ተመራማሪዎች የተበተኑትን የሲኖዳን መጻሕፍት መልሰው ሲገጣጥሙ የሚያዩት እሱን ነው፤ 61 እዚህ፣ 63 ምናልባት ቪየና።