የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊሲንግ መሪዎች ሥልጠና በባሕር ዳርና በጣና ዳር

በተለምዶ ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ የሚባለው ማኅበረሰብ አቀፍ የወንጀል መከላከል፣ ፖሊስና ነዋሪ የሰፈራቸውን ጸጥታ አብረው የሚጠብቁበት አሠራር ነው። የመሪዎቹ ሥልጠና የቀበሌ ፖሊሶችን፣ የዕድር ዳኞችን፣ የሃይማኖት አባቶችን፣ የሴቶችና የወጣቶች ተጠሪዎችን እንዲሁም የግብረ ሰናይ ድርጅት ባልደረቦችን በአንድ ክፍል ያገናኛል። የአማራ ክልል አሠራሩን ቀድመው ከዘረጉት ክልሎች አንዱ ነው። ባሕር ዳርም የክልሉ ርእሰ ከተማና የፖሊስ ኮሚሽኑ መቀመጫ እንደመሆኗ ልምዱ ጠንክሮ የተያዘባት ከተማ ናት።

ነዋሪው ወንጀልን በጋራ ማጣራቱ ለአገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። በአውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ በአፈርሳታ፣ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ወንጀለኛው ተለይቶ እስኪወጣ ድረስ አይበተንም ነበር። ዘመናዊው ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቋመ። በደርግ ዘመን የቀበሌ አብዮት ጥበቃ የሚባለው ትጥቅ ያዘ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሠልጣኞች በመጀመሪያው ቀን አንገታቸውን ደፍተው ዝም የሚሉት ይህን ስለሚያስታውሱ ነው። ስለዚህ ብልህ አሠልጣኝ ከሁሉ በፊት ፖሊስን በሚያማክር ነዋሪና በጆሮ ጠቢ መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳል። ጥቆማ የሚቀርበው ስለተፈጸመ ወይም ሊፈጸም ስለታሰበ ድርጊት ነው፤ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ፣ ማንን እንደሚደግፍ የሚመዘግብ ሰው ሥራው ሌላ ነው። ይህ ሳይነገር የተጀመረ ሥልጠና እስከ መጨረሻው ቀን አፍ እንደተያዘ ያልቃል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁ ሥልጣን ሰጥቷል። በአማራ ክልል መዋቅሩ እስከ ቀበሌ ይወርዳል፦ ለቀበሌው የተመደበ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊሲንግ ኦፊሰር፣ ከነዋሪው የተውጣጣ አማካሪ ምክር ቤት፣ የግጭት አፈታት ኮሚቴ፣ እንዲሁም በየቤቱ የቤተሰብ ፖሊስ የሚባል፣ የቤተሰቡን ጸጥታ የሚከታተል የቤተሰብ አባል አለ። አሠራሩ ስርቆትንና የሰፈር ጠብን እንደቀነሰ ፖሊስ ይናገራል፤ መዋቅሩ ነዋሪውን መከታተያ ሊሆን ይችላል የሚሉ ተቺዎችም አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ የገባበት ግጭት የገጠር ቀበሌዎችን ሥራ ክፉኛ አስተጓጉሏል።

ለአንድ ዙር ከ25 እስከ 30 ሰው፣ ለ5 ቀን ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ጥቂቶች ይናገራሉ፣ ሌላው ይሰማል። ቀኑ ሲመረጥ ቅዳሜ ገበያና ወርኃዊና የንግሥ በዓላት ይታለፋሉ፤ ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ሰፊ ዕረፍት ይተዋል፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይዘጋጃል። ጧት በጣም ማልዶ የሚጀመር ስብሰባ ሴቶችን ያስቀራል፤ ከ3 ሰዓት መጀመር ይሻላል። ፖሊሶች የደንብ ልብስና መሣሪያ ይዘው ከተቀመጡ ሽማግሌዎቹ አንዲት ቃል አይቃወሟቸውም። በቡድን ሥራ ላይ ሲቪል ለብሰው ቢቀመጡና የቡድኑን ሰብሳቢነት ለሌላ ቢለቁ ውይይቱ ወዲያው ይለወጣል።

ዋናው ትምህርት የችግር አፈታት ዘዴ ነው። አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ኸርማን ጎልድስታይን በ1979 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ሲሆን አራት ደረጃ አለው፦ ችግሩን መለየት፣ መንስኤውን መመርመር፣ እርምጃ መውሰድ፣ ውጤቱን መገምገም። ሠልጣኞች በትልቅ ወረቀት የቀጠናቸውን ካርታ ይሥላሉ፤ ትምህርት ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ አረቄ ቤቱን፣ የባጃጅ ተራውን፣ መብራት የሌለውን ቅያስ ያመለክታሉ። ብዙ ቡድኖች በመጀመሪያ «የወጣቱ ሥራ አጥነት» ብለው ይጽፋሉ። በዚህ ላይ ኮሚቴ ምንም ሊሠራ አይችልም። አሠልጣኙ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ላይ እያለ ሲጠይቅ ችግሩ «ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ከመናኸሪያ በሚወጣው መንገድ ሴት ተሳፋሪዎች ሞባይል ይነጠቃሉ» እስከሚል ይጠብባል። ያኔ መብራት ማስተከል፣ የባጃጅ ማኅበሩን ማነጋገር፣ የሮንዱን ሰዓት ማዛወር ይቻላል።

ትልቁ ስሕተት በሽምግልና ላይ ይፈጸማል። ስድብን የመሰለ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ጉዳይ በዕርቅ ቢያልቅ መልካም ነው። ጠለፋ ግን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 መሠረት ጠላፊው ልጅቷን በኋላ ቢያገባትም ተጠያቂነቱ አይቀርም፤ ያለዕድሜ ጋብቻም በአንቀጽ 648 ያስቀጣል። የተደፈረች ሴት ደግሞ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት። ሽማግሌ ለሦስት ቀን ቤት ለቤት ሲመላለስ ይህ ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ሠልጣኙ መጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም መላክን፣ ስሟን በስብሰባ አለማንሳትን፣ በቃለ ጉባኤም አለመጻፍን ደጋግሞ ይለማመዳል። ኮሚቴ ሰው ማሰር እንደማይችል፣ ፖሊስም የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ እንዳለበት እዚሁ ላይ ይነገራል።

የግብረ ሰናይ ድርጅቶች ተሳትፎ በሕጉ ተለክቶ ሲጠብና ሲሰፋ ኖሯል። አዋጅ 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙትን ድርጅቶች ከግጭት አፈታትና ከፍትሕ ሥራ አግዷቸው ነበር፤ አዋጅ 1113/2011 በሩን ከፈተ፣ የአስተዳደር ወጪንም ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። በዚህ የሥልጠና ክፍል የድርሻ ክፍፍል በጽሑፍ ይሰፍራል። ድርጅቱ አዳራሽ፣ ማስተማሪያና ትራንስፖርት ይሸፍናል እንጂ ለፖሊስ በእጅ ገንዘብ አይሰጥም። መጠለያ ያገኙ የጎዳና ልጆችን ስም ዝርዝር ለፖሊስ ማስተላለፍ ደግሞ ልጆቹን በማግሥቱ ያስኮበልላል፤ ሠራተኛው ለዓመታት የገነባው መተማመን በአንድ ቀን ይፈርሳል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ አቅም ለሌላቸው ባለጉዳዮች ያለ መልካም በር ነው፤ ሠልጣኞች እንዲያውቁት ይደረጋል።

በጣና ዳር ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ጠቡ ውኃው ሲሸሽ በሚወጣው ባሕር ሸሽ መሬት፣ በተሰረቀ የዓሣ መረብ፣ በግጦሽ ላይ ነው፤ ስለዚህ ካርታው የጀልባ ወደቦችንና የመረብ መጣያ ቦታዎችን ያካትታል። በጣና ደሴት ላይ ባለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፤ ሴት ኦፊሰር የተመደበችበት ዙር ከመነኮሳቱ ጋር የሚነጋገረው ወንድ ባልደረባ ወይም የገዳሙ ተወካይ አስቀድሞ ይወሰናል።

ሥልጠናውን ከሚገድሉት አንዱ ዝውውር ነው፤ የሠለጠነው ኦፊሰር በወራት ውስጥ ይነሣና ቀበሌው እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ ከየቀበሌው ቢያንስ 3 ሰው፣ ከእነሱም 2ቱ ነዋሪዎች ሆነው ይመረጣሉ። ሁለተኛው አበል ነው፤ በየሥልጠናው የሚመጡት እነዚያው ፊቶች ከሆኑ ምርጫው ለዕድሩና ለቀጠናው ስብሰባ መመለስ አለበት። ከ3 ወር በኋላ አሠልጣኙ ሄዶ የሚያየው የቃለ ጉባኤ መዝገቡን ነው። «በሰላም ጉዳይ ተወያይተናል» ብቻ የሚል ገጽ ሥራ አለመሠራቱን ይናገራል፤ የቅያሱን ስም፣ የተመደበውን ሰው፣ የተቆረጠውን ቀንና በቀኑ የተገኘውን ውጤት የያዘ ገጽ ግን ለቀጣዩ ዙር ማስተማሪያ ሆኖ ይገለበጣል።