ንግግር ምንድን ነው? ጮክ ተብሎ የተነበበ ድርሰትማ አይደለም

«ንግግር ማለት ድርሰት ነው፤ ልዩነቱ ድምፅ ብቻ ነው።» ይህን አስተያየት ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበብኩት እንጃ። ሥራዬ የሰው ንግግር ማረም ነውና የዛሬውን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

የሚያመሳስላቸውን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለቱም አንድ ዋና ሐሳብ፣ ማስረጃና መቋጫ ይፈልጋሉ። እንለፈው።

አንባቢ እግረኛ ነው። ሲደክመው ይቆማል፣ ሲጠፋበት ይመለሳል፣ የሰለቸውን ይዘላል። አድማጭ ግን ተሳፋሪ ነው፤ መሪውን የያዘው ተናጋሪው ነው። ሳያስጠነቅቅ ከታጠፈ ተሳፋሪው ከመስኮቱ ጋር ይጋጫል። «አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልግባ» የሚባለው ለዚህ ነው። ድርሰት ላይ ንዑስ ርዕስ ይበቃል። መደጋገምም እንደዚያው ነው። ገጽ ላይ ያሰለቻል፤ መኪናው ውስጥ ግን ላንቀላፋው ሰው የት እንደደረስን መንገር ነው። (ጎማው ሳይተነፍስ ከዚህ ምሳሌ ልውረድ።)

ትናንት ያረምኩት ንግግር «ከላይ እንደተገለጸው» ይላል። ከላይ የት? አድማጩ ቀና ቢል የሚያየው ጣሪያውን ነው። ቀጥሎ ስድስት መስመር የፈጀ አንድ ዓረፍተ ነገር መጣ፤ «ከመሆኑም አንጻር»፣ «እንደመሆኑ መጠን» እያለ ይሄዳል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ አድማጩ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ዓይን ወደ አራት ነጥቡ ዘሎ ይመለሳል፤ ጆሮ አይችልም። ለአራት ቆረጥኩት።

ድምፅ የሚበልጥበትም ቦታ አለ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ተብሎ ሲጻፍ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» አንባቢው ከዐውዱ ይገምታል። ተናጋሪ ለይቶ ይጠራዋል። ከወረቀት የሚያነብ ተናጋሪ ደግሞ አላልቶ ይጀምርና አጥብቆ ይመለሳል።

ባለአስተያየቱ «ዛሬ ሁሉም ይቀረጻል፤ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል» ይል ይሆናል። ይቻላል። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ ግን ምኑን ይጫን?

ነገሩ አዲስ አይደለም። አርስቶትል ከ2300 ዓመታት በፊት የጸሐፊዎች ንግግር ክርክር ላይ ሳስቶ እንደሚታይ፣ የተናጋሪዎቹ ደግሞ እጅ ላይ ሲያዝ ጥሬ እንደሚመስል ጽፏል። ድንበሩ ግን ግንብ አይደለም። የጥንቷ አቴንስ የንግግር መምህር ኢሶቅራጥስ ድምፁ ደካማ ስለነበር መድረክ ላይ አልወጣም። ለመነበብ ብሎ ንግግር ይጽፍ ነበር። ልዩነቱ ድምፅ ብቻ ከሆነ የእሱን ሥራ ምን ልንለው ነው?

የትናንቱ ባለጉዳይ ንግግሩ በመጽሔትም እንዲወጣለት ፈልጓል። «እንግዲያው ሁለት ጊዜ እጽፈዋለሁ» አልኩት። ሒሳቡም ሁለት ነው።